ስሙ ተለወጠ እንጂ ክኒኑ አልተለወጠም
ስለ ደም ማቅጠኛ መድኃኒቶች፣ ስለ ዋጋቸውና በሻንጣ ወደ አገር ቤት ስለምንልካቸው ብልቃጦች

ነገሩ የሆነው ከዓመታት በፊት ነው፤ «ኩማዲን» የተባለው ስመ ጥር የደም ማቅጠኛ ገና ከገበያ ሳይወጣ። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የምናከብራቸው አንድ አባት አሉ። ዕድሜያቸውን በመኪና ማቆሚያ ሠራተኝነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ ናቸው። የልብ ምታቸው የተዛባ በመሆኑ ሐኪማቸው ኩማዲን አዘውላቸው ለዓመታት ያለ ችግር ሲወስዱ ኖረዋል። አንድ ቀን ኢንሹራንሳቸው «ለዚህ ስም ይህን ያህል አንከፍልም» አለና ፋርማሲው በምትኩ «ዋርፋሪን» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ብልቃጥ አስረከባቸው። ዋጋው ከቀድሞው ጋር ሲተያይ የውኃ ያህል ነበር። ጋሼም ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ቤት ሲደርሱ ግን አዲሱን ብልቃጥ ከአሮጌው ጎን አስቀመጡትና ከሁለቱም አንዳንድ ክኒን ይውጡ ጀመር። በእርሳቸው ግምት ሐኪሙ አንድ መድኃኒት ጨመሩላቸው እንጂ የቀድሞውን አልተኩም። ስሙ ሌላ፣ ቅርጹ ሌላ፣ ብልቃጡ ሌላ። ማን ምን ብሏቸው ይጠርጥሩ?

ኩማዲን ማለት ግን ዋርፋሪን ነው፤ ዋርፋሪንም ማለት ኩማዲን ነው። ጋሼ ከሳምንት በላይ የታዘዘላቸውን እጥፍ ዋጡ። መጀመሪያ ድዳቸው ደማ። ቀጥሎ ነስር መጣ። ከዚያም ሰገራቸው እንደ ከሰል ጠቆረ። ልጃቸው ሆስፒታል ስታደርሳቸው ሁለቱንም ብልቃጦች በፌስታል ይዛ ነበርና ነርሷ ገና ከፌስታሉ ስታወጣቸው ነገሩ ገባት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፉ። ልንጠይቃቸው ስንሄድ የተናገሩት ቃል ግን እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። «ልጆቼ፣ ርካሹ መድኃኒት ሊገድለኝ ነበር!» አሉን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ርካሹን እንቢ አሉ። ከጡረታቸው እየቆረሱ፣ ኢንሹራንሱ ያልሸፈነውን ከኪሳቸው እየከፈሉ ባለ ስሙን መግዛት ያዙ። ሊገድላቸው የነበረው ግን ርካሹ መድኃኒት አልነበረም። በሚሰሙት ቋንቋ «አባባ፣ ይኼ ያው የድሮው ነው፣ የቀድሞውን ይጣሉት» የሚላቸው አንድ ሰው መጥፋቱ ነበር። ይህን ጽሑፍ ያነሣሣንም ይኸው ነው። እኛ ጋዜጠኞች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም፤ የምንጽፈው አንባቢ ሐኪሙንና ፋርማሲስቱን ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት እንዲያውቅ ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደም «ማቅጠን» ሲባል

«ደም ማቅጠኛ» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። እነዚህ መድኃኒቶች ወጥ በውኃ እንደሚቀጥን ደምን አያቀጥኑም። ሥራቸው ደም በማይገባው ቦታ እንዳይረጋ ማድረግ ነው። በልብ ውስጥ የረጋ ደም ተነሥቶ አንጎል ከደረሰ ስትሮክ ያስከትላል። ከእግር ተነሥቶ ሳንባ ከገባ ደግሞ ሰውን በቁሙ ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ከእነዚህ መካከል አንጋፋው ዋርፋሪን ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት አዲሶቹ ዳቢጋትራን (በንግድ ስሙ ፕራዳክሳ)፣ ሪቫሮክሳባን (ዛሬልቶ) እና አፒክሳባን (ኤሊኪዊስ) ይባላሉ። አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል (ፕላቪክስ) በሌላ መንገድ የሚሠሩ ናቸው፤ ለአንዱ ሕመም የታዘዘው ለሌላው አይተካም። ስለዚህ «እኔም ደም ማቅጠኛ እወስዳለሁ፣ የኔን እንካ» መባባል የጤና አይደለም።

ዋርፋሪን አስቸጋሪ ጠባይ አለው። ሲያንስ ደም ይረጋል፤ ሲበዛ ደም ይፈሳል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ስለሆነ ተጠቃሚው «አይ ኤን አር» የተባለ የደም ምርመራ በየጊዜው ያደርጋል። ለአብዛኛው ሕመምተኛ የሚፈለገው ቁጥር ከ2 እስከ 3 ነው፤ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ለገባላቸው አንዳንዶች ከ2.5 እስከ 3.5 ይደርሳል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ይህን ቁጥሩን እንደ ስልክ ቁጥሩ ማወቅ አለበት።

ከሞተች ጥጃ እስከ ፕሬዚዳንቱ ልብ

«የአይጥ መርዝ ነው» የሚል ወሬ በየማኅበሩ ይናፈሳል። ወሬው ከባዶ የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ የተበላሸ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው እየፈሰሰ ያልቁ ነበር። በ1933 ክረምት አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ በበረዶ ውሽንፍር የሞተች ጥጃና በወተት ጣሳ የማይረጋ ደም ይዞ ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ መጣ። ካርል ሊንክ የተባሉት የኬሚስትሪ ተመራማሪና ረዳቶቻቸው ዓመታት የፈጀ ሥራ ሠርተው ከድርቆሹ ውስጥ ጥፋተኛውን ለዩት። ከዚያ ሥራ የተገኘው ዋርፋሪን በ1948 ለአይጥ ማጥፊያነት ተሸጠ። በ1954 ለሰው እንዲታዘዝ ተፈቀደ። በ1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የልብ ድካም ሲደርስባቸው ከወሰዷቸው መድኃኒቶች አንዱ ይኸው ነበር። መድኃኒትንና መርዝን የሚለየው መጠኑ ነው የሚባለው በዋርፋሪን ላይ እንደሚታየው በሌላ አይታይም።

የ1997ቱ ዘመቻ

ዋርፋሪን ለብዙ ዓመታት አሜሪካ ውስጥ የሚታወቀው ኩማዲን በሚለው ስሙ ነበር። ባለቤቱ የዱፖንት የመድኃኒት ኩባንያ ነበር። በ1997 ባር የተባለ ኩባንያ በመንግሥት ተቆጣጣሪው በኤፍ ዲ ኤ ተፈቅዶለት ተመሳሳዩን፣ ማለትም «ጀነሪኩን» ይዞ ገበያ ገባ። ያን ጊዜ የዋርፋሪን ጠባብ መንገድ ለኩባንያው ትልቅ መሣሪያ ሆነለት። «ይህን ዓይነቱን ስስ መድኃኒት መለወጥ ያሰጋል» የሚል ስብከት ለሐኪሞች፣ ለፋርማሲስቶች፣ ለየክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪዎች ይደርስ ጀመር።

ሸማቾችና የጤና ኢንሹራንስ ከፋዮች ኩባንያውን ከሰሱት። በክሳቸው ኩባንያው አሳሳች መረጃ አሠራጭቶ ርካሹን አማራጭ ከሕዝብ አርቋል፤ ሕዝቡም ያለ አግባብ ብዙ ከፍሏል አሉ። ነገሩ በክርክር ሳይቋጭ በ44.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2004 ስምምነቱን አጸናው።

በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት በቆየንባቸው ዓመታት ከጠረጴዛችን የሚደርሱትን መግለጫዎች አሰላለፍ አሳምረን እናውቃለን። የሰለጠነ ፕሮፓጋንዳ ከውሸት አይጀምርም። ማንም የማይክደውን አንድ እውነት ከፊት ያስቀምጣል፤ መደምደሚያውን ግን ወደፈለገው ያጣምማል። እዚህም ላይ እውነቱ «ዋርፋሪን ጥንቃቄ ይፈልጋል» የሚለው ነው። ከዚያ የሚከተለው «በለወጣችሁ ጊዜ ደማችሁን አስመርምሩ» ሊሆን ይገባው ነበር። የተሸጠው ግን «አትለውጡ፣ ውዱን ግዙ» የሚለው ነበር። ካድሬም ሆነ የመድኃኒት ሻጭ፣ ዘዴው አንድ ነው።

ጊዜ ደግሞ የራሱን ፍርድ ሰጠ። የካናዳዋ ኦንታሪዮ ግዛት ነዋሪዎች በብዛት ወደ ጀነሪክ ዋርፋሪን ከተዛወሩ በኋላ የተደረገውና በ2006 የታተመው ጥናት በደም መፍሰስም ሆነ በደም መርጋት ሆስፒታል የገቡት ሰዎች እንዳልጨመሩ አሳየ። ኩማዲንም ራሱ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ቆይቶ ብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ የተባለው የመጨረሻ ባለቤቱ በ2020 በአሜሪካና በካናዳ ማምረቱን አቆመ። ያን ሁሉ ዘመን «አይለወጥም» የተባለለት ስም ጠፋ። ተጠቃሚዎቹ ግን በጀነሪኩ ቀጠሉ።

«የህንድ ነው» እና «የጀርመን ነው»

አገር ቤት ሳለን ፋርማሲ ስንገባ የምንጠይቀው «የየት አገር ነው?» ብለን ነበር። የጀርመን ከተባለ እናምናለን፤ የህንድ ከተባለ ፊታችን ይጨማደዳል። ይህን ልማድ በሻንጣችን ይዘን መጥተናል። ጥርጣሬው ሁሉ መሠረት የለውም ለማለት አይደለም። ራንባክሲ የተባለው የህንድ ጀነሪክ አምራች በ2013 አሜሪካ ውስጥ ጥፋቱን አምኖ 500 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ነገር ግን ባለ ስሙም ንጹሕ አይደለም። በ2008 ባክስተር በተባለው ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ ስም ይሸጥ በነበረው ሄፓሪን ላይ፣ ይህም በመርፌ የሚሰጥ የደም ማቅጠኛ ነው፣ ከቻይና በመጣው ጥሬ ዕቃ ውስጥ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎ ተገኘና ሰዎች ሞቱ። እንግዲህ ስም ዋስትና አይሆንም። ዋስትናው የተቆጣጣሪው ዓይን ነው።

ጀነሪክ እንዲፈቀድ አምራቹ አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር በአንድ ዓይነት መጠን ማቅረብና በሰው ደም ውስጥ እንደ ባለ ስሙ እንደሚደርስ ማስመስከር አለበት። አንዳንዶች «ሕጉ ከ80 እስከ 125 በመቶ ይፈቅዳል» የሚለውን ሰምተው «እንግዲያው ሩብ ያህል ሊጎድል ይችላል» ይላሉ። ቁጥሩ ግን በክኒኑ ውስጥ ያለው መድኃኒት መጠን አይደለም፤ የጥናቱ ውጤት ከነስሕተት ህዳጉ የሚያርፍበት ወሰን ነው። ኤፍ ዲ ኤ ከ1996 እስከ 2007 የቀረቡለትን 2,070 ጥናቶች ሲያሰላ ወደ ደም በሚገባው መጠን ላይ የታየው አማካይ ልዩነት 3.5 በመቶ አካባቢ ነበር። ለዋርፋሪን ደግሞ ከ2012 ወዲህ ወሰኑ ይበልጥ እንዲጠብ መመሪያ አውጥቷል።

ስለዚህ አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም ካናዳ ውስጥ ከፋርማሲ የሚሰጣችሁ ጀነሪክ ዋርፋሪን «የድሃ መድኃኒት» አይደለም። በጥቂት ዶላር የሚገኘው ውጤቱ ስላነሰ ሳይሆን የፈጠራ መብቱ ስላበቃና ብዙዎች ስለሚሠሩት ነው።

ሁለት ዓይነት «መለወጥ»

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲለይልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ከኩማዲን ወደ ዋርፋሪን መሄድ ስም መለወጥ ነው። ከኤሊኪዊስ ወደ ዋርፋሪን መሄድ ግን መድኃኒቱን ራሱን መለወጥ ነው። ሁለቱን «ወደ ርካሹ ዞርኩ» ብሎ በአንድ ስም መጥራት ሰው ያስቀጥፋል።

ኤሊኪዊስ በ2012 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። በየጊዜው የደም ምርመራ አይጠይቅም፤ ከምግብ ጋር ብዙ አይጣላም። ችግሩ ዋጋው ነው። በ2023 የወር መሸጫው 521 ዶላር ነበር። ኤፍ ዲ ኤ ጀነሪኩን ገና በ2019 ቢፈቅደውም በፈጠራ መብት ክርክርና ስምምነት ምክንያት እስከ ኤፕሪል 2028 ድረስ አሜሪካ ውስጥ መሸጥ አይችልም። እንግሊዝና ካናዳ የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ከ2022 ጀምሮ ጀነሪክ አፒክሳባን እየወሰዱ ነው። ያው ክኒን፣ ያው በሽታ፣ ልዩነቱ የጠበቆቹ ብዛት ነው።

አሜሪካ ላይ አንዳንድ ነገር ተሻሽሏል። በ2022 በወጣው ሕግ መሠረት መንግሥት በሜዲኬር በኩል ተደራድሮ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ የኤሊኪዊስን የወር ዋጋ 231፣ የዛሬልቶን ደግሞ 197 ዶላር አድርሶታል። የሜዲኬር ተጠቃሚ በዓመት ለመድኃኒት ከኪሱ የሚከፍለውም ጣሪያ ተበጅቶለታል፤ በ2025 ዓ.ም. 2,000 ዶላር የነበረው በ2026 ወደ 2,100 ከፍ ብሏል። ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው ደግሞ አምራቾቹ ራሳቸው ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ በ346 ዶላር በቀጥታ እንሸጣለን ብለዋል። ከአዲሶቹ መካከል የፕራዳክሳ ጀነሪክ ከ2022 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ይገኛል። ታክሲ ለሚነዳና ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው ግን 346 ዶላርም ቢሆን የሕፃን ልጅ ጫማ፣ የአገር ቤት ተቆራጭ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረጋል? በየቡና ቤቱ የምንሰማው በጣም ያስፈራል። አንዱ በቀን ሁለት ጊዜ የታዘዘለትን አንድ ጊዜ ይወስዳል። ሌላው ደመወዝ እስኪገባ ሳምንት ያቋርጣል። «ዋርፋሪንማ ለሳምንቱ ሙሉ በደም ውስጥ ይቆያል» ብሎ የሚያጽናና ወዳጅም አይጠፋም። ኤሊኪዊስ ግን በአንድና በሁለት ቀን ከሰውነት ይወጣል። በማሸጊያው ላይ በጥቁር መስመር የተከበበው ማስጠንቀቂያ የሚለውም ይህንኑ ነው፦ ያለ ሐኪም ምክር ያቋረጠ ሰው ለስትሮክ ይጋለጣል። መግዛት ያቃተው ሰው ለሐኪሙ «ዶክተር፣ ገንዘብ የለኝም» ብሎ ቢናገር አያፍርም። ሐኪሙ ዋርፋሪን ሊያዝለት፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ቀን ሊያሰላለት፣ ወይም የእርዳታ ፕሮግራም ሊፈልግለት ይችላል። እኛ ሐበሾች ረሃባችንን የምንደብቅ ሕዝብ ነን። ይኼኛው ረሃብ ሲደበቅ ግን ግማሽ ሰውነትን ሽባ አድርጎ ይገለጣል።

በኢንተርኔት «የኤሊኪዊስ ጀነሪክ ለአሜሪካ እንልካለን» ከሚሉትም ተጠንቀቁ። ከላይ እንዳልነው በአሜሪካ ሕጋዊ ገበያ ላይ ገና የለም። የሚመጣው ክኒን ከየት እንደመጣ የሚቆጣጠረው የለም።

ሻንጣ ውስጥ ያለው ብልቃጥ

አሁን ወደ ሆዳችን ወደሚበላን ጉዳይ እንለፍ። አገር ቤት ብዙ ወጣቶች በልጅነታቸው በተደጋጋሚ ያመማቸው የቶንሲል ሕመም ውሎ አድሮ የልብ ቫልቫቸውን ያበላሽባቸዋል። ዕድለኞቹ በአዲስ አበባው የልብ ማዕከል፣ ሌሎቹ በ2007 ካርቱም ላይ በተከፈተው የሳላም የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከል፣ ሌሎቹም ዘመድ ገንዘብ አዋጥቶ ህንድ ድረስ ልኳቸው ቫልቭ አስለውጠዋል። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የገባለት ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ ዋርፋሪን ይወስዳል። አዲሶቹና ውዶቹ ለእሱ አይሆኑም። በ2013 ዳቢጋትራን፣ በ2022 ደግሞ አፒክሳባን በእንዲህ ዓይነት ሕመምተኞች ላይ ተሞክረው ጉዳት ስላሳዩ ሙከራው እንዲቋረጥ ተደርጓል።

ቫልቫቸው በዚሁ በሽታ ተጎድቶ የልብ ምታቸው ለተዛባባቸው፣ ገና ቀዶ ሕክምና ላላገኙትም ቢሆን ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ 24 አገሮች ከ4,500 በላይ ሕመምተኞችን ይዞ የተካሄደው «ኢንቪክተስ» የተባለው ጥናት በ2022 ውጤቱ ሲወጣ፣ ዋርፋሪንና መሰሎቹን የወሰዱት ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ይልቅ የሞቱት ጥቂቶች ነበሩ። አንድ ወገናችን «ለእህቴ የአይጥ መርዝ አልልክላትም፣ ዘመናዊውን እልክላታለሁ» ብሎ ዛሬልቶ በብዙ ዶላር ገዝቶ ሊልክ ሲል የሰማነው በጆሯችን ነው። ፍቅሩ እውነተኛ ነው። የእህቱን ሕመም ግን አልጠየቀም። ለእሷ የሚበጀው ያ የናቀው ርካሹ ነበር።

የውጭ ምንዛሪ እጥረቱና በጁላይ 2024 የብር ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመጣው ንረት ከውጭ የሚገባውን መድኃኒት ሁሉ አስወድዶታል። አንድ ሰሞን ይገኛል፤ አንድ ሰሞን ይጠፋል። አገዛዙ ለሌላ ለሌላው የሚያወጣውን ዶላር በጥቂት ሳንቲም ለሚመረተው ዋርፋሪን ማጣቱ የሚያሳፍር ነው። ስለዚህ እናት ትደውላለች፤ ልጅ ይገዛል፤ መንገደኛ ይፈለጋል፤ ብልቃጡ በካልሲ ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። አደጋውም እዚያ ነው።

አንዲት በአዲስ አበባ የሚኖሩ እናት አንድ ልጃቸው ለንደን፣ ሌላው ቨርጂኒያ ነው። ሁለቱም ዋርፋሪን ይልኩላቸዋል። ሰውዬዋ ፊደል ቢያውቁም የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ አያነቡም፤ ክኒናቸውን የሚያውቁት በቀለሙ ነው። «ሮዙን አንድ በጠዋት» ብለው ይዘዋል። አሜሪካ ውስጥ ሮዝ ቀለም ያለው ዋርፋሪን 1 ሚሊግራም ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሮዙ 5 ሚሊግራም ነው። ሰማያዊውም እንደዚሁ የአሜሪካው 4፣ የእንግሊዙ 3 ነው። እኚህ እናት የለንደኑ ሲያልቅ የቨርጂኒያውን ሮዝ ጀመሩ። ከታዘዘላቸው አንድ አምስተኛውን እየወሰዱ ማለት ነው። የወንድማቸው ልጅ ነርስ ሆና ለበዓል ልትጠይቃቸው ባትመጣና ብልቃጦቹን ባታይ ኖሮ የሁለቱ ልጆች ፍቅር ምን ያደርስባቸው እንደነበር ማሰብ ይዘገንናል። ነገሩ በተቃራኒው ሆኖ ቢሆን ኖሮ ደግሞ አምስት እጥፍ በዋጡ ነበር።

ጎመን፣ ጾምና የራስ ምታት ክኒን

ሌላው የእኛ ጉዳይ ማዕዳችን ነው። ዋርፋሪን የሚሠራው ከቫይታሚን ኬ ጋር እየታገለ ነው። ጎመን ደግሞ በዚህ ቫይታሚን የታወቀ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ጎመኑ በየቀኑ ይቀርባል፤ የዋርፋሪኑ ኃይል ይቀንሳል። ፋሲካ ሲሆን ጎመኑ ይቀራል፤ ኃይሉ ይጨምራል። ምርመራው ከፍና ዝቅ ሲል «ይኼ ርካሽ ክኒን ነው ያመጣብኝ» እንላለን። ጎመን አትብሉ የሚል ሐኪም አላጋጠመንም። የሚሉት «የምትበሉትን መጠን አታለዋውጡ፤ ጾም ሲገባና ሲፈታ ንገሩንና እንመርምራችሁ» ነው።

የራስ ምታትና የወገብ ክኒኖችም ጉዳይ አላቸው። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን ከማንኛውም ደም ማቅጠኛ ጋር ሲደመሩ ደም ያፈሳሉ። አንዳንድ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶችም የዋርፋሪንን ኃይል ያንራሉ። ልጅ ለመውለድ ለምታስብ ሴት ደግሞ ዋርፋሪን ጽንሱን ሊጎዳ ስለሚችል ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ማማከር ግዴታዋ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች ከሆኑ ወገኖቻችን ጋር ተነጋግረን የሚከተለውን አጠናቅረናል።

አንደኛ፦ ገንዘባችሁን አትርፉ። ፋርማሲው ጀነሪክ ሲሰጣችሁ አትሸሹት። ነገር ግን እዚያው መስኮት ላይ ቆማችሁ «ይኼ የየትኛው ምትክ ነው? የቀድሞውን ላቁም?» ብላችሁ ጠይቁ። አስተርጓሚ መጠየቅ አሜሪካ ውስጥ በብዙ ሆስፒታሎችና ፋርማሲዎች መብታችሁ ነው።

ሁለተኛ፦ የተተካውን አሮጌ ብልቃጥ በቤት አታስቀምጡ።

ሦስተኛ፦ ዋርፋሪናችሁ አምራቹ በተለወጠ ቁጥር፣ ከጀነሪክ ወደ ጀነሪክም ቢሆን፣ ለሐኪማችሁ ነግራችሁ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ አይ ኤን አር አስመርምሩ። ከተቻለም ፋርማሲው ሁልጊዜ ከአንድ አምራች እንዲሰጣችሁ ለምኑ።

አራተኛ፦ አገር ቤት የምትልኩ ሰዎች በመጀመሪያ የሕመምተኛውን ሐኪም ጠይቁ። ከአንድ አገር ብቻ፣ ባለ አንድ ሚሊግራም መጠን፣ ሳይከፈት በማሸጊያው ላኩ። በላዩ ላይ በትልልቅ የአማርኛ ፊደል የመድኃኒቱን ስምና ሚሊግራሙን ጻፉበት። ቀለም እንዲያምኑ አታድርጓቸው። የምርመራውንም ገንዘብ አብራችሁ ላኩ፤ ያለ ምርመራ የተላከ ዋርፋሪን ፍሬን እንደሌለው መኪና ነው።

አምስተኛ፦ ደም ሳይቆም ከቀጠለ፣ ሰገራ ከጠቆረ፣ ጭንቅላታችሁን ከመታችሁ፣ ፊት ከጠመመ ወይም አንደበት ከተያዘ «ነገ ያልፋል» አትበሉ። ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ወደ ጋሼ እንመለስና እናብቃ። በ2020 ኩማዲን ከገበያ ሲወጣ ጋሼ ተጨንቀው ደወሉልን። «በቃ፣ መጨረሻዬ ደረሰ» አሉ። ልጃቸው ይዛቸው አንዲት ኢትዮጵያዊት ፋርማሲስት ዘንድ ሄደች። ልጅቷ የቀረውን አሮጌ ክኒንና አዲሱን በነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠችላቸው። አሜሪካ ውስጥ የአንድ መጠን ዋርፋሪን ቀለሙ በአምራች አይለያይምና ሁለቱም ቀለል ያለ ብርቱካንማ ነበሩ። «ጋሼ፣ ይዩት እስቲ፤ ሁለቱም ባለ 5 ነው። ይኼኛው ተክለ ሃይማኖት ተባለ፣ ያኛው ደግሞ በቤት ስሙ ተጠራ እንጂ ሰውየው አንድ ነው» አለቻቸው። አሮጌውን እዚያው አስረክበዋት ወጡ። በሁለተኛው ሳምንት ሲመረመሩ ቁጥራቸው 2.4 ነበር።

«ይህችን ነገር ያኔ አንድ ሰው ነግሮኝ ቢሆን ያን ሁሉ ዓመት ለስሙ ባልከፈልኩ» አሉን በቅርቡ። እኛም ይህን የጻፍነው ለሌሎቹ ጋሼዎችና እትዬዎች እንዲደርስ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ኮምፒዩተር ለማይከፍቱት ለወላጆችህ አንብብላቸው።

ቸር ይግጠመን።